ቀላል የካርቦን ዊል በአነስተኛ በጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመጀመራችን በፊት በቃላት እንግባባ። «ዊል» ስል ሙሉውን ማለቴ ነው፦ ክቡን ቸርኬ፣ መሃል ያለውን ሞዞ፣ ሁለቱን የሚያገናኙትን ቀጫጭን ራጂዎች። «ጎማ» ስል ላስቲኩን ብቻ ነው። ይህን ሳይለይ ገበያ የወጣ ሰው አንዱን ጠይቆ ሌላውን ይዞ ይመለሳል።

ለመሆኑ የካርቦን ዊል ያስፈልገኛል?

ምናልባት። መጀመሪያ ግን ጎማችሁን እዩት። ብስክሌቱ ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለት ደረቅና ወፍራም ጎማ አሁንም እላዩ ላይ ከሆነ ካርቦኑ ይቆይ። ከተራ የልምምድ ጎማ ወደ ጥሩ የውድድር ጎማ መቀየር፣ የፊትና የኋላው አንድ ላይ ሲቆጠር፣ 10 ዋትና ከዚያም በላይ ሊያተርፍ ይችላል። ይህን ያህል በዊል ብቻ ላግኝ ካላችሁ ኪሳችሁ ይጎዳል።

ከመነዳሪውም አለ። ተራው ጥቁር ከመነዳሪ 100 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቲፒዩ ከሚባለው ስስ ላስቲክ የሚሠሩት ግን 40 ግራም የማይሞሉ ናቸው። ሁለቱን ቀየራችሁ፣ ከ120 ግራም በላይ ወረደ። ያውም ከዳር፣ ሁሉም ሰው ክብደት ለመቀነስ ከሚሯሯጥበት ቦታ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ልባችሁ ካርቦን ካለ እንቀጥል። ልብ መመኘቱ ነውር የለውም። ሁላችንም በሒሳብ ብቻ ብንመራ ኖሮ ግማሾቻችን አውቶቡስ ላይ ነበርን።

300 ግራም ብቀንስ ዳገት ላይ ይታወቀኛል?

አብረን እናስላው። እናንተ፣ ብስክሌቱ፣ ልብሱና ውሃው ተደምራችሁ 80 ኪሎ ናችሁ እንበል። 300 ግራም የዚህ 0.4 በመቶ እንኳ አይሞላም። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ረጅም ዳገት ላይ የምታተርፉት 13 ሰከንድ ገደማ ነው። ለተወዳዳሪ 13 ሰከንድ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ጫፍ ላይ ደርሼ ትንፋሼን ለመሰብሰብ ብቻ ከዚያ በላይ እቆማለሁ።

የሚሽከረከር ክብደት በእጥፍ ይቆጠራል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ፍጥነት በምትጨምሩበት ጊዜ ብቻ። ቸርኬው ወደፊት ይሄዳል፣ በዚያው ላይ ይሽከረከራል። ስለዚህ ዳር ላይ ያለን አንድ ግራም ለማፍጠን ቴላዮ (የብስክሌቱ ዋና አካል) ላይ ካለው አንድ ግራም እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ከመብራት ላይ ስትነሱ ወይም ከቡድን ላለመቅረት ስትወረወሩ ይህ ይታወቃል። በእኩል ፍጥነት ዳገት ስትወጡ ግን አንድ ግራም አንድ ግራም ነው፤ የትም ይቀመጥ። ደግሞ እጥፍ ሆኖም 300ው ግራም 600 ነው የሚሆነው። ከ80 ኪሎ ላይ!

ታዲያ ካርቦን የገጠመ ሰው ሁሉ ለምን «በረረ» ይላል?

አንደኛው ምክንያት ነፋስ ነው። ሜዳ ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ካለፋችሁ ጉልበታችሁን በአብዛኛው የሚበላው አየር ነው። ጥልቅ ቸርኬ፣ ማለትም ከጎማው ወደ ሞዞው የሚወርደው ግድግዳው ረጅም የሆነ፣ አየሩን ከጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ቸርኬ በተሻለ ይሰነጥቀዋል። የካርቦን ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ጥልቅ ቅርጽ ይዞ ሳይከብድ መሠራት መቻሉ። አሉሚኒየምን 50 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ስጡት፣ ድንጋይ ይሆናል።

ሁለተኛው ድምፁ ነው። ጥልቅ ካርቦን አስፋልት ላይ «ዉዉዉ» የሚል ድምፅ አለው። ጆሮ «ፈጠንን» ይላል፣ እግርም ያምናል። አትሳቁ፣ እኔም ላይ ይሠራል።

ስንት ግራም ሲሆን ነው «ቀላል» የሚባለው?

ከመካከለኛ ብስክሌት ጋር የሚመጣው የአሉሚኒየም ዊል ጥንዱ ብዙ ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,000 ግራም ነው። ጥሩ የአሉሚኒየም ዊል 1,550 አካባቢ ይወርዳል። ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ዋጋው የማያስደነግጥ ካርቦን ከ1,400 እስከ 1,600 ውስጥ ነው። ከ1,300 በታች ሲባል ወይ ዋጋው ሰማይ ነው፣ ወይ የሆነ ነገር ተቆርጦለታል። የተቆረጠው ምን እንደሆነ ማወቅ የናንተ ሥራ ነው። ቸርኬው ሳስቶ ሊሆን ይችላል። የራጂ ቁጥር ተቀንሶ ይሆናል። ሞዞው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ አንሶ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከ2000 ጀምሮ ለውድድር ብስክሌት 6.8 ኪሎ ዝቅተኛ ክብደት ደንግጓል። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ከዚያ እንዳይወርዱ የሚጠነቀቁበት ጊዜ አለ። እኛ ደግሞ ለ80 ግራም እንቅልፍ እናጣለን።

ሻጩ የጻፈውን ክብደት ልመን?

እንደ መነሻ ብቻ። ብዙዎቹ የቸርኬውን ቴፕና የቱብለስ (ያለ ከመነዳሪ የሚነፋ ጎማ) ቫልቮቹን አይጨምሩም። ካርቦን በእጅ እየተነባበረ የሚሠራ ስለሆነ ሁለት ተመሳሳይ ቸርኬዎችም በጥቂት ግራም ይለያያሉ። እኔ አንዱን ጥንድ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጬው ከተጻፈው 74 ግራም በልጦ ተገኘ። ለሁለት ቀን ተናደድኩ። ከዚያ ነድቼው ረሳሁት።

ምን ያህል ጥልቀት ልግዛ?

አንድ ጥንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር። ለሜዳም ለዳገትም ይሆናል። 30 እና 35 የሚመቹት ተራራ ለሚበዛበት መንገድና ክብደቱ ለቀለለ ጋላቢ ነው። ከ60 በላይ የሆነው ሜዳ ላይ ደስ ይላል፤ የጎን ነፋስ የመጣ ቀን ግን ማኑብሪውን ይዞባችሁ ይሄዳል። ነፋስ የሚያስቸግረው በተለይ የፊተኛው ዊል ነው፤ መሪውን የሚያዞረው እሱ ነውና። ስለዚህ የፊቱን ዝቅ፣ የኋላውን ጥልቅ አድርጎ መግዛት ጥሩ ብልሃት ነው።

ገንዘቤ ውስን ነው። ከሁሉም በላይ ምን ላይ ላውጣው?

ሞዞው ላይ። ከዚያ አሠራሩ ላይ፣ ማለትም ራጂው እንዴት እንደተወጠረ። ክብደት መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ብዙ ሰው ቸርኬው ላይ ያፈጣል፤ የሚታየው እሱ ስለሆነ። ግን ደህና የተሠራ የካርቦን ቸርኬ ዲስክ ፍሬን (ቸርኬውን ሳይሆን ሞዞው ላይ የታሰረውን ዲስክ የሚይዝ) ላይ ከሆነ በግጭት ካልተሰበረ በስተቀር ለዓመታት ይቆያል። የሚያልቀው ሞዞው ነው። ኩሽኔታው ውሃ ይገባዋል፣ ይሻክራል። ካሴቱ (የኋላ ማርሾቹ ስብስብ) የሚሰካበት ክፍል፣ ፍሪሃብ የሚሉት፣ አንዳንዱ በጣም ለስላሳ ከሆነ አሉሚኒየም ይሠራል። የብረት ካሴቱ በፔዳሉ ጉልበት እየተጫነ ጠርዙን ይነክሰዋል። ከዚያ ካሴት ላውጣ ስትሉ ተጣብቆ እምቢ ይላችኋል።

ስለዚህ ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። ኩሽኔታው በቁጥር የሚታወቅ፣ የትም የሚገዛ ዓይነት ነው? ፍሪሃቡ ለብቻው ይሸጣል? ከውስጥ ለማጽዳት በእጅ ይፈታል ወይስ ልዩ መፍቻ ይፈልጋል? ለምሳሌ ዲቲ ስዊስ 350 የሚባለው ሞዞ ከወንድሙ ከ240 ይከብዳል፣ ዋጋው ግን በጣም ይረክሳል። ሁለቱም ፔዳል ስትረግጡ የሚይዙት ፊት ለፊት በሚነካከሱ ባለጥርስ ቀለበቶች ነው። ያችን ጥቂት ግራም ተሸክማችሁ የተረፈውን ገንዘብ ጎማ ላይ አውሉት። የታይዋኖቹ ኖቫቴክና ቢቴክስም በአነስተኛ በጀት ዊሎች ላይ በብዛት የሚገኙ፣ ለመጠገን የማያስቸግሩ ሞዞዎች አሏቸው።

የብረት ራጂ ይሻለኛል ወይስ የካርቦን ራጂ?

በውስን በጀት? ብረት፣ ያለ ጥርጥር። እንደ ሳፒም ሲኤክስ ሬይ ያለው ጠፍጣፋ የብረት ራጂ አንዱ 4 ግራም ተኩል እንኳ አይሞላም። ሲሰበር መካኒኩ ርዝመቱን ለክቶ ይተካዋል። የካርቦን ራጂ ይቀላል፣ ይጠነክራል፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሠራው ፋብሪካ ብቻ ነው። ፋብሪካው ሞዴሉን ከተወ ዊላችሁ የግድግዳ ጌጥ ሆነ።

ስለ ዳዶውም ልንገራችሁ፤ ይሄ የራሴ ቁስል ነው። ራጂውን ቸርኬው ላይ የምትይዘው ትንሿ ዳዶ በአንዳንድ ዊል ከውጭ ትታያለች፤ በአንዳንዱ ቸርኬው ውስጥ ትደበቃለች። የተደበቀችው ታምራለች፣ ለነፋስም ትንሽ ትሻላለች። የመጀመሪያው የካርቦን ዊሌ እንደዚያ ነበር። 1,290 ግራም! በስድስተኛው ሳምንት አንድ ራጂ ተበጠሰና ዳዶዋ ቸርኬው ውስጥ ወደቀች። ጎማውን አወጣሁ፣ ቴፑን ላጥኩ፣ ማግኔት አሰርኩ። ዳዶዋ አሉሚኒየም ናት፤ ማግኔት አይስባትም። ቸርኬውን ጭንቅላቴ ላይ ይዤ እንደ ጸናጽል ሳንሿሿ ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ በመጨረሻ በቫልቩ ቀዳዳ ዱብ አለች። ለሻጩ የራጂውን ርዝመት ጠይቄ ጻፍኩ። እስከ ዛሬ መልስ የለም። ራጂው ደግሞ አንገቱ የማይታጠፍ፣ ለዚያ ሞዞ ብቻ የተሠራ ዓይነት ስለነበር መካኒኩም እጁን አነሳ።

ከዚያ ወዲህ የምገዛው ዳዶው ከውጭ የሚታይ ዊል ነው። 60 ግራም ቢከብድም ይከብድ።

ብስክሌቴ ላይ እንደሚገባ እንዴት አውቃለሁ?

ከመክፈላችሁ በፊት አምስት ነገር ጻፉ፦ የፍሬኑን ዓይነት፣ የአክስሉን፣ የካሴቱን፣ የዲስኩን አያያዝ፣ እንዲሁም ፎርኬላው (የፊቱን ዊል የሚይዘው ሹካ) እና ቴላዮው የሚያሳልፉትን የጎማ ስፋት።

አክስል ላይ ዘመናዊው ዲስክ ብስክሌት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ዘንግ ነው፤ ከፊት 100፣ ከኋላ 142 ሚሊ ሜትር ስፋት። የቸርኬ ፍሬን ያለው የድሮው በፈጣን መፍቻ የሚያዝ ሆኖ ከኋላ 130 ነው። መሃል ላይ ያሉ፣ ዲስክ ኖሯቸው ከኋላ 135 የሆኑ ብስክሌቶችም አሉ። ባለቤቶቻቸው በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ካሴት ላይ ለሺማኖ ኩባንያ ባለ 11 ማርሽ ካሴት የተሠራው የሮድ ፍሪሃብ የሺማኖን ባለ 12 የሮድ ካሴትም ይቀበላል። ባለ 10 ካሴት ከሆነ 1.85 ሚሊ ሜትር ቀለበት ከሥሩ ይገባል። ስራም የሚባለው ኩባንያ ባለ 12 ካሴት፣ ትንሿ ማርሽ 10 ጥርስ ያላት፣ ኤክስዲአር የሚባል ፍሪሃብ ይፈልጋል። ዲስኩ ወይ በስድስት ብሎን ይታሰራል፣ ወይ ሴንተር ሎክ በሚባለው ባለጥርስ መያዣ።

መንጠቆ አልባ ቸርኬ አደገኛ ነው?

ሕጉ ከተጠበቀ ይሠራል። ችግሩ ሕጉ ብዙ መሆኑ ነው። ጎማውን የሚይዘው የቸርኬው ጠርዝ ቀድሞ ወደ ውስጥ የታጠፈ መንጠቆ ነበረው። መንጠቆ አልባው ቀጥ ያለ ግድግዳ ብቻ አለው፤ ለፋብሪካው ይቀለዋል፣ ብዙ ጊዜም ይረክሳል። በምላሹ ከ5 ባር፣ ማለትም 72 ፒኤስአይ ገደማ፣ በላይ መንፋት አይቻልም። ጎማውም ለመንጠቆ አልባ የተፈቀደ ቱብለስ መሆን አለበት፤ ስፋቱም ከቸርኬው ጋር የሚመጥን። በ2024 በዩኤኢ ቱር ውድድር ላይ የቤልጂጉ ጋላቢ ቶማስ ደ ገንት ጎማው ከእንዲህ ዓይነት ቸርኬ ወጥቶ ሲወድቅ ጉዳዩ ከፍተኛ ክርክር አስነስቶ ነበር።

የኔ አቋም? ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ መንጠቆ ያለውን ግዙ። ያገኛችሁትን ጎማ ትገጥማላችሁ። ተረስቶ ትንሽ በዛ ብሎ ቢነፋም ልባችሁ አይመታም። ክብደታችሁ ከበድ ያለ ከሆነና ጠንከር አድርጋችሁ መንፋት ካለባችሁ ደግሞ ጥያቄም የለው።

ብስክሌቴ የቸርኬ ፍሬን ነው ያለው። ካርቦን ይሆነኛል?

ይሆናል፤ ግን እዚህ ላይ በርካሽ አትግዙ። አሉሚኒየም የፍሬኑን ሙቀት ቶሎ ይበትነዋል። ካርቦን አይበትንም፤ ይዞት ይቀመጣል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳትለቁ ከወረዳችሁ ክሮቹን የያዘው ሙጫ ይለሰልሳል፤ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ጠርዙን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ቸርኬው ያብጣል ወይም ንብርብሩ ይላቀቃል። ርካሽ ሙጫ ደግሞ ቀድሞ ይለሰልሳል። በዚህ ላይ በዝናብ ቀን ፍሬኑ ከመያዙ በፊት ልብ የሚያቆም ክፍተት አለ።

ከገዛችሁ በኋላ ግን ለካርቦን የተሠራውን የፍሬን ሸራ ብቻ ተጠቀሙ። አሉሚኒየም ላይ የሠራ ሸራ አታጋቡበት፤ በውስጡ የተቀበረው የብረት ስብርባሪ ካርቦኑን ይፍቀዋል። የላቴክስ ከመነዳሪም ብዙ አምራቾች ይከለክላሉ፤ ሙቀት አይወድም። ቁልቁለት የምትወዱ ከሆነ ጥሩ የአሉሚኒየም ዊል ገዝታችሁ በሰላም ውረዱ። ይህን ስል ካርቦን ጠላሁ ማለት አይደለም።

«የታዋቂው ብራንድ ዊል፣ በሩብ ዋጋ» የሚል አየሁ።

አስመስለው የሠሩት ነው። እለፉት።

ከቻይና በቀጥታ የሚሸጡትስ?

እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም የካርቦን ቸርኬ አብዛኛው የሚሠራው ቻይናና ታይዋን ነው፤ በሌሎች አገሮች ስም የሚሸጠውም ጭምር። ሺያሜን የምትባለው የወደብ ከተማ በዚህ ሥራ የታወቀች ናት። ላይት ባይስክል፣ ዊንስፔስ፣ ፋርስፖርትስ፣ ኤሊትዊልስ የመሳሰሉት በራሳቸው ስም ለጋላቢው በቀጥታ ይሸጣሉ። በራሱ ስም የሚሸጥ አምራች ስሙን መጠበቅ አለበት። ስም የሌለው ዊል ግን ነገ ማንን ትጠይቁበታላችሁ?

ከነሱ ስትገዙ ዋስትናውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ስንት ዓመት ነው? ራሳችሁ ገጭታችሁ ብትሰብሩት በቅናሽ ይተካል? የመመለሻ ማጓጓዣውን ማን ይከፍላል? ይህች የመጨረሻዋ ናት ብዙ ሰው የምታስለቅሰው። መለዋወጫ ራጂ ሁለት ሦስት አብረው እንዲልኩላችሁም ጠይቁ። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

ያገለገለ ልግዛ?

በአካል ማየት ከቻላችሁ፣ አዎ። በፎቶ ብቻ ከሆነ እኔ አልደፍርም።

ስትሄዱ ጨርቅና አንድ ሳንቲም ያዙ። ጨርቁ ቸርኬውን ለመወልወል ነው፤ ጭቃ ስንጥቅ ይደብቃል። እያንዳንዱን የራጂ ቀዳዳ ዙሪያ በብርሃን አጠገብ እዩ፤ ፀጉር የምታክል መስመር ካለች ተመለሱ። በሳንቲሙ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉ። ድምፁ ጥርት ያለ «ቲክ» ከሆነ ደህና ነው። አንድ ቦታ ላይ ወደ ደፈነ «ዱብ» ከተቀየረ ውስጡ ተለያይቷል ማለት ነው። የቸርኬ ፍሬን ከሆነ ፍሬኑ የሚይዝበትን ገጽ በጣታችሁ ዳብሱ፤ እብጠት በዓይን ሳይታይ በጣት ይታወቃል። ከዚያ አክስሉን ይዛችሁ በጣት አሽከርክሩት። ሻካራ ከሆነ ኩሽኔታ ነው፣ ይቀየራል፣ ዋጋ አስቀንሱበት።

ቱቡላር፣ ማለትም በሙጫ የሚለጠፍ ጎማ የሚቀበል ዊል፣ ባገለገለ ገበያ እጅግ ርካሽ ሆኖ ታገኛላችሁ። በጣም ቀላልም ነው። ሙጫ መለጠፍና መንገድ ላይ ፈንድቶ መቅረት ካላስጨነቃችሁ ውሰዱት። እኔን ያስጨንቀኛል።

ክብደቴ 95 ኪሎ ነው። ቀላል ዊል ይችለኛል?

አምራቹ የጻፈውን የጋላቢ ክብደት ገደብ ፈልጉ። አንዳንዱ የሚቆጥረው ሰውየውን ብቻ ነው፤ ሌላው ብስክሌቱንና ዕቃውን ጨምሮ ነው። ከኋላ 24 ራጂ፣ ከተገኘ 28፣ ይኑረው። ገደቡ ጭራሽ ያልተጻፈ ዊል ከሆነ ተዉት።

ዊሉ ደረሰኝ። አሁንስ?

ሳጥኑን ስትከፍቱ ፎቶ አንሱ፤ ለዋስትና ይጠቅማል። መዝኑት፣ ተናደዱ፣ ይለፍላችሁ። ራጂዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ጭመቁ፤ በአንድ ጎን ያሉት ተመሳሳይ ጥንካሬ ሊኖራቸው ይገባል። ከኋላ ዊል በካሴቱ በኩል ያሉት ከሌላኛው ጎን ይጠብቃሉ፤ ያ ጤነኛ ነው። ከ200 ወይም ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ የራጂ ውጥረት መለኪያ ላለው መካኒክ አሳዩት። አዲስ ዊል ትንሽ ይረግባል፤ የዚያን ቀን ማጥበቅ ብዙ የራጂ ስብራት ያስቀራል።

የቫልቭ ርዝመትም አትርሱ። የቸርኬው ጥልቀት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ጨምሩ። ለ50 ቸርኬ 70 ቫልቭ ማለት ነው። እኔ የድሮውን 48 ይዤ ፓምፕ ለመሰካት ስታገል ጎረቤት አይቶኛል።

አዲሱ ዊሌ ሲሽከረከር «ጭቅ ጭቅ» ይላል። ተሰብሯል?

ፍጥነት ስትጨምሩ ድምፁ ከዊሉ ዙር ጋር እኩል ከፈጠነ አብዛኛውን ጊዜ ቫልቩ ነው። ረጅሙ ቫልቭ ቀዳዳው ውስጥ እየተወዛወዘ ካርቦኑን ይመታል፤ ጥልቁ ቸርኬ ደግሞ እንደ ከበሮ ያጎላዋል። ቫልቩ ቀዳዳውን በሚነካበት ቦታ አንድ ዙር ስስ ፕላስተር ጠምጥሙበት። ድምፁ ካልጠፋ ራጂዎቹ የሚተላለፉበትን ቦታ እዩ፤ እዚያ ላይ እርስ በርስ እየተፋተጉ ሊሆን ይችላል፣ ጠብታ ዘይት ይበቃዋል። ዲስኩን እንዳይነካ ግን ተጠንቀቁ፤ በጨርቅ ጠርጉት።